ካንሰር አምጪው ኬሚካል ማን ጋ ይደርሳል? በርሜሉን ሳይሆን ሥራውን ይከተሉ

ጥያቄ፦ «የምሠራው የብረትና የእንጨት ዕቃ በሚያመርት ፋብሪካ ነው። ብየዳ፣ እንጨት መቁረጫና ቀለም መርጫ አለን፤ ሦስቱም አንድ አዳራሽ ውስጥ ናቸው። በቅርቡ ከቀለም ክፍል አንድ ባልደረባችን የደም ካንሰር ተገኘበት። ሠራተኛው ተደናግጧል። አስተዳደሩ ደማችንን አስመርምሮ ‹ሁላችሁም ነጻ ናችሁ› ብሎናል፤ ማስክና ወተትም ይሰጠናል። እኔ የደህንነት ኮሚቴ አባል ሆኜ ተመርጫለሁ፤ ግን ኬሚስት አይደለሁም። ከምንጠቀምባቸው ነገሮች ካንሰር የሚያመጣው የቱ ነው? ማን እንደተጋለጠስ በምን አውቃለሁ? እኛ የምንጠረጥረው ሽታው የሚያሰክረውን ቲነር ነው። አሥርና አሥራ አምስት ዓመት የሠሩትስ አሁን ምን ያድርጉ?»

ምላሽ፦

ከወተቱ ልጀምር፤ እሱ ቶሎ ያልቃል። ወተት ሳንባ የገባውን ትነት አይጎትትም፤ ደም ውስጥ የገባውንም አያጥብም። በብዙ አገሮች ለፋብሪካ ሠራተኛ ወተት መስጠት የቆየ ነገር ነው። ለምግብነቱ ማንም አይጠላውም። እንደ መከላከያ ሲቆጠር ግን ጉዳት አለው፤ «ወተት እየሰጠናችሁ ነው» እየተባለ የአየር መሳቢያው ሥራ ከዓመት ዓመት ይንከባለላል።

የደም ምርመራው ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው የደም ሕዋሳት ቆጠራ ነው። ቤንዜን የተባለው ኬሚካል በብዛት ሲገባ የአጥንት መቅኒን ስለሚጎዳ ቁጥሩ ሊወርድ ይችላል። (ቤንዜን ስል መኪና የሚሞላውን ቤንዚን ማለቴ አይደለም፤ ነዳጁ ውስጥም ግን በመጠኑ አለ።) ስለዚህ ምርመራው ከንቱ አይደለም። ቁጥሩ ደህና ሆነ ማለት ግን ሰውየው አልተጋለጠም ማለት አይደለም። ስለ ክሮሚየም፣ ስለ እንጨት ብናኝ፣ ስለ አስቤስቶስ ደግሞ ይህ ቆጠራ ምንም አይናገርም። ካንሰር አምጪ ለሆነ ነገር ሁሉ መጋለጥን በአንድ ጊዜ የሚያሳይ የደም ምርመራ የለም። «ነጻ ናችሁ» የሚለው አባባል ከእንግዲህ ባይነገር ይሻላል።

አሁን ወደ ሽታው። ቲነር በአብዛኛው የቶሉዊን፣ የዛይሊን፣ የአሴቶንና የመሰሎቻቸው ድብልቅ ነው። የሚያሰክረው ሽታ የእነሱ ነው። ቶሉዊንና ዛይሊን የነርቭ ሥርዓትን ይጎዳሉ፤ ራስ ያዞራሉ፣ ያደነዝዛሉ። በካንሰር ግን ዋናዎቹ ተጠርጣሪዎች አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ (አያርክ በሚል አጭር ስሙ ይታወቃል) ሁለቱንም «ለመመደብ የሚበቃ ማስረጃ የለም» በሚለው ምድብ 3 አስቀምጧቸዋል። ሥጋቱ አብሯቸው ተደባልቆ የሚገባው ቤንዜን ነው። ጥራቱ ያልታወቀ ቲነር፣ ማስቲሽ ወይም ቅባት ማጽጃ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ቤንዜን ደግሞ ከቶሉዊን ሦስት እጥፍ ያህል የመትነን ኃይል አለው። ፈሳሹ ውስጥ ጥቂት ቢሆንም አየሩ ውስጥ ድርሻው ይጨምራል። ከሌሎቹ መሃል በአፍንጫ መለየት አይታሰብም። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቱርካዊው የደም ሐኪም ሙዛፈር አክሶይ በኢስታንቡል ጫማ ሠሪዎች ላይ ተደጋግሞ የታየውን የደም ካንሰር ያገናኙት በጠባብ ክፍሎች ውስጥ ይጠቀሙበት ከነበረው ቤንዜን ያለበት ማስቲሽ ጋር ነበር።

ሽታ የሌለው ወይም ዘግይቶ የሚሸት ነገር ደግሞ ይብሳል። የሕክምና ዕቃ የሚያመክኑበት ኤትሊን ኦክሳይድ ካንሰር አምጪ መሆኑ የተረጋገጠ ጋዝ ነው። በአሜሪካ ለሥራ ቦታ አየር የተቀመጠለት ገደብ 1 ፒፒኤም ነው፤ ማለትም በሚሊዮን የአየር እጅ አንድ። አብዛኛው ሰው ሽታውን የሚያውቀው ግን በመቶዎች ፒፒኤም ሲደርስ ነው። አፍንጫው ሲነግረው ብዙ አልፏል። የአሸዋ ብናኝ፣ አስቤስቶስ፣ ከማይዝግ ብረት ብየዳ የሚወጣው ክሮሚየም ጭራሽ «ሸተተኝ» የሚባሉ አይደሉም። ስለዚህ ሽታን እንደ ማስጠንቀቂያ ይቀበሉት፤ እንደ መለኪያ ግን አይጠቀሙበት።

ስለታመመው ባልደረባችሁ ደግሞ ከሁለቱ ጫፍ አንዱን አትያዙ። ከቤንዜን ጋር በጠንካራ ማስረጃ የተያያዘው አኪዩት ማይሎይድ ሉኬሚያ የሚባለው የደም ካንሰር ነው። የደም ካንሰር ብዙ ዓይነት ስለሆነ፣ እሱ ፈቃደኛ ከሆነ ዓይነቱን ከሐኪሙ ይጠይቅ። ትክክለኛው ዓይነት ቢሆን እንኳ አንድ ሰው መታመሙ ብቻውን ፋብሪካውን ጥፋተኛ አያደርግም፤ ነጻም አያወጣም። ምክንያቱም ይህ በሽታ ፋብሪካ ረግጠው በማያውቁ ሰዎችም ላይ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ ሉዊቪል ከተማ በአንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ የሆነው የተለየ ነበር። አንጂዮሳርኮማ የሚባል እጅግ ብርቅ የጉበት ካንሰር በጥቂት የአንድ ክፍል ሠራተኞች ላይ ተገኘ። በሽታው በጣም ብርቅ ስለሆነ ብቻ ሐኪሞቹ ፋብሪካው የሚጠቀምበትን ቪኒል ክሎራይድ የተባለ ኬሚካል ቶሎ ያዙት። እስከዚያ ድረስ ይፈቀድ የነበረው 500 ፒፒኤም ብዙም ሳይቆይ ወደ 1 ወረደ። የእናንተ ጉዳይ እንዲህ ራሱን አያጋልጥም። ስለዚህ በሽታው ጥርጣሬ ያስነሳ፤ መልሱን ግን ከሥራው ቦታ ነው የምትፈልጉት።

አንድ ነገር ላስቀድም። የአያርክን ዝርዝር ሲከፍቱ በምድብ 1 ከ120 በላይ ነገሮች ያገኛሉ። ምድብ 1 ማለት «በሰው ላይ ካንሰር ማምጣቱ ተረጋግጧል» ማለት ነው፤ «እጅግ አደገኛ» ማለት አይደለም። ምድቡ የሚነግረን ማስረጃው ምን ያህል እንደጠነከረ ነው። አስቤስቶስም የተቀነባበረ ሥጋም እዚያው አንድ ምድብ ውስጥ ናቸው። አደጋው የሚወሰነው በመጠኑ፣ በቆይታውና በሚገባበት መንገድ ነው። ዝርዝሩን አትሞ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ሰው ከማስፈራት አያልፍም።

ሥራው የሚጀምረው ከግምጃ ቤት ነው፤ እዚያ ግን አያበቃም። ከእያንዳንዱ ኬሚካል ጋር መምጣት ያለበት የደህንነት መረጃ ሰነድ አለ። ብዙ ሰው እስካሁን ኤምኤስዲኤስ ይለዋል። 16 ክፍሎች አሉት፤ ሁሉንም ማንበብ አይጠበቅብዎትም። ክፍል 2 ላይ «ኤች 350» የሚል ኮድ ካዩ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ማለት ነው። «ኤች 351» ከሆነ ይጠረጠራል ማለት ነው። «ኤች 340» የዘረመል ጉዳትን ያመለክታል፤ እሱንም ይያዙት። በበርሜሉ ላይ ደግሞ በቀይ ዳይመንድ ውስጥ ደረቱ ላይ ኮከብ መሳይ ስንጥቅ ያለበት የሰው ምስል ይፈልጉ። ምስሉ ሌላ የጤና ጉዳትንም ስለሚያመለክት ብቻውን አይበቃም፤ ኮዱን ያመሳክሩ። ከዚያ ክፍል 3 ላይ ንጥረ ነገሮቹ ካስ በሚባል ቁጥር ተዘርዝረዋል። ስሙ ከአምራች አምራች ይለዋወጣል፤ ቁጥሩ አይለዋወጥም። 71-43-2 ቤንዜን ነው። 50-00-0 ፎርማልዲሃይድ ነው።

ጥንቃቄ እዚህ ላይ። ሰነዱ የሚናገረው አምራቹ ያሳወቀውን ብቻ ነው። የአሥር ዓመት ሰነድ ከአዲስ ምርት ጋር ተያይዞ ይገኛል። ግዢ ክፍሉ ከሌላ ኩባንያ ተመሳሳይ ስም ያለው ምርት ሰነድ አውርዶ ፋይል ያደርጋል። ከሁሉ የከፋው ከትልቁ በርሜል ወደ ጀሪካን ተቀድቶ፣ ያለ ስም ያለ ምልክት አዳራሹ ውስጥ የሚዞረው ነው። ሰነድ የሌለውን ምርት «አደጋ የለውም» ብለው አይመዝግቡ፤ «አይታወቅም» ብለው ይመዝግቡ። አይታወቅም የተባለውን ደግሞ እስኪታወቅ ድረስ እንደ አደገኛ ይያዙት።

ትልቁ ክፍተት ግን ሌላ ነው። በሥራ ላይ ካሉት ዋና ዋና ካንሰር አምጪዎች ብዙዎቹ በርሜል ውስጥ አይመጡም፤ ሥራው ራሱ ነው የሚፈጥራቸው። እንጨት ገዝታችሁ ስትቆርጡት ብናኝ ይሆናል። ብረት ስትበይዱ ጭስ ይወጣል። ፎርክሊፍቱ ናፍጣ ሲያቃጥል ጭሱ አዳራሹ ውስጥ ይቀራል። የግምጃ ቤት ዝርዝር እነዚህን አያውቃቸውም። ስለዚህ በርሜሉን ትተው ሥራውን ይከተሉ። አንድ ሙሉ ፈረቃ ቆመው ይመልከቱ።

ቀለም ክፍል ይሂዱ። ማለዳ ሠራተኛው ቀለሙን ከቲነር ጋር ይበጠብጣል፤ ፊቱ ቆርቆሮው ላይ ተደፍቶ ነው። ከዚያ ይረጫል። ሲረጭ ማስክ አድርጎ ይሆናል። ሥራው ሲያልቅ ማስኩን አውልቆ መርጫውን በክፍት ጣሳ ቲነር ውስጥ ያጥባል፤ ጣሳው ደረቱ ሥር ነው። ብዙ ጊዜ የቀኑ ከፍተኛ ትነት የሚገባው በዚህች አጭር ጊዜ ነው፤ ማንም ግን «ቀለም መቀባት» ብሎ አይቆጥራትም። በመጨረሻ በዚያው ቲነር እጁንና ክንዱን ይታጠባል። ፈሳሹ በቆዳም ይገባል፤ የቆዳውን ቅባት ስለሚያጥበው ቀጣዩ ደግሞ በቀላሉ ያልፋል። እዚህ ጋ ልብ ይበሉ፦ የሰውየውን የሥራ መደብ ብቻ ቢጽፉ እነዚህን አንዱንም አያገኟቸውም።

እዚያው ክፍል ውስጥ አንቲረስቱን ይመልከቱ። አንዳንዱ ዝገት መከላከያ ቀለም ዚንክ ክሮሜት ወይም ስትሮንቲየም ክሮሜት አለበት፤ ደማቁ ቢጫ ቀለምም ሌድ ክሮሜት ሊሆን ይችላል። በውስጣቸው ያለው ክሮሚየም ስድስት የሚባለው ዓይነት የሳንባ ካንሰር ያመጣል። ሲረጭ ብቻ አይደለም፤ በኋላ በግራይንደር ወይም በብርጭቆ ወረቀት ሲፋቅም ይነሳል። አሮጌ ቀለም ማላቀቂያው ሜቲሊን ክሎራይድ ከሆነ በአያርክ «ሳይሆን አይቀርም» በሚለው ምድብ 2ኤ ውስጥ ነው። እንዲያውም አያርክ የቀለም ቀቢነትን ሥራ ራሱን በምድብ 1 አስቀምጦታል፤ ለየትኛው ንጥረ ነገር እንደሆነ ነጥሎ ሳይወስን ነው።

ብየዳ ጋ ስንመጣ፣ የብየዳ ጭስ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በምድብ 1 ነው፤ የማይዝግ ብረት ብቻ ሳይሆን ሁሉም። የማይዝግ ብረት ይበልጥ የሚከፋው ክሮሚየም ስድስትና ኒኬል ስለሚጨምር ነው። የተለመደ ስህተት አለ፦ ጋልቫናይዝድ ቆርቆሮ የበየደ ሰው ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ሲለው «ካንሰር ሊይዘኝ ነው» ይላል። ያ የዚንክ ጭስ ትኩሳት ነው፤ በአንድ ሁለት ቀን ያልፋል፤ ወደ ካንሰርም አይቀየርም። የሚናገረው ግን ጭሱ እየተሳበ እንዳልሆነ ነው። ቲግ በሚባለው የብየዳ ዓይነት የሚበይዱ ከሆነ የተንግስተን ዘንጉን ጫፍ ይዩ። ጫፉ ቀይ ከሆነ ቶሪየም አለበት፤ ቶሪየም ጨረር አመንጪ ነው። ሲበየድበት ብዙም አያሳስብም፤ ሲሾል የሚወጣው ብናኝ ግን መተንፈስ የለበትም። ላንታነም ወይም ሲሪየም ያለበትን መግዛት ነገሩን ይዘጋዋል። ብረቱን ከቅባት የምታጸዱበት ፈሳሽ ትራይክሎሮኤትሊን ከሆነ ደግሞ ሁለት አደጋ አለው፦ የኩላሊት ካንሰር ያመጣል፤ ትነቱ ብየዳው አጠገብ ሲደርስ ደግሞ ፎስጂን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይፈጠራል። ይህን ካገኙ ስብሰባ አይጠብቁ።

እንጨት ክፍሉን ሰው ይንቀዋል፤ «ሰጋቱራ ምን ያደርጋል» ይባላል። የእንጨት ብናኝ የአፍንጫ ውስጥ ካንሰር ያመጣል፤ ማስረጃው በተለይ በጠንካራ እንጨቶች ላይ የጎላ ነው። ወለሉ ላይ የሚታየው ሰጋቱራ ግን ዋናው ችግር አይደለም። ችግሩ ከብርጭቆ ወረቀት ማሽኑ የሚነሳው፣ ዓይን የማያየው ደቃቅ ነው። እሱን ለማየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አዳራሹን አጨልሙና ኃይለኛ የእጅ ባትሪ በሠራተኛው ፊት በኩል በጎን አብሩ፤ እናንተ ከብርሃኑ ትይዩ፣ መብራቱ ዓይናችሁን እንዳይወጋ ከለል ብላችሁ ቁሙ። ንጹሕ ይመስል የነበረው አየር ሲፈላ ታያላችሁ። አስተዳደሩንም እዚያው ጠርታችሁ አሳዩ፤ ከብዙ ገጽ ሪፖርት ይልቅ ይሠራል። ኤምዲኤፍና ቺፑድ ደግሞ ሙጫቸው ፎርማልዲሃይድ ስላለበት ብናኙ ብቻ ሳይሆን ጋዙም ይጨመራል። ዓይን የሚያስለቅሰው እሱ ነው።

የቀረውን በአጭሩ፦ ዝገት ለማስለቀቅ አሸዋ የምትረጩ ከሆነ ሲሊካ (የአሸዋው ደቃቅ ብናኝ)፣ አሮጌ ጣሪያ ወይም የምድጃ ማሸጊያ ካለ አስቤስቶስ፣ በር ዘግተው የሚያንቀሳቅሱት ጀነሬተርና ፎርክሊፍት ካለ የናፍጣ ጭስ። ሦስቱም ምድብ 1 ናቸው። አስቤስቶስ ከጠረጠሩ ራስዎ ሰብረው አይዩት፤ ናሙናውን ሥራውን የሚያውቅ ሰው አርጥቦ ይውሰድ።

አሁን «ማን ተጋለጠ» የሚለው። ሁሉም የሚያስበው ማሽኑ ላይ የቆመውን ነው። ሦስት ሰዎች ግን ሁልጊዜ ይረሳሉ። አንዱ ጥገና የሚሠራው ነው፤ የመሳቢያውን ማጣሪያ የሚፈታው፣ የወር ብናኝ ፊቱ ላይ የሚራገፍበት እሱ ነው። ሁለተኛዋ ማታ በደረቁ የምትጠርገዋ የጽዳት ሠራተኛ ናት፤ የሰፈረውን መልሳ ታነሳዋለች፤ ማስክም አይታደላትም። ሦስተኛው ጎረቤቱ ነው። የእናንተ ሦስት ክፍሎች በአንድ አዳራሽ ስለሆኑ አናጺው የበያጁን ጭስ፣ በያጁ የቀለሙን ትነት ይተነፍሳል። ከፋብሪካው ውጭም አራተኛ አለች፤ ቱታውን ቤት ወስዶ የሚያሳጥባት። የአስቤስቶስ ሠራተኞች ሚስቶች ልብስ በማጠብ ብቻ ሜሶቴሊዮማ የተባለውን ካንሰር የያዙበት ታሪክ በደንብ የተመዘገበ ነው።

ስለዚህ አንድ ትልቅ ደብተር ይክፈቱ። ለእያንዳንዱ ተግባር (መደብ አላልኩም፣ ተግባር) አንድ መስመር ይስጡ፦ ምን ይሠራል፣ ከምን ጋር፣ በምን ይገባል፣ በቀን ስንት ደቂቃ፣ በሳምንት ስንት ቀን፣ እነማን፣ ምን መከላከያ አለ፣ መከላከያው በእርግጥ ይሠራል ወይ። የመጨረሻውን በዓይን ይፈትኑ። የመሳቢያው አፍ ላይ ቀጭን የሶፍት ቁራጭ ያንጠልጥሉ። ካልተሳበች ማራገቢያው ድምፅ ብቻ ነው። ሠራተኞቹንም ይጠይቁ፤ አለቃ በሌለበት። «ጉብኝት ሲኖር የማትሠሩት፣ ሌላ ቀን የምትሠሩት ምንድን ነው?» የምትለው ጥያቄ ብዙ ታወጣለች።

ልኬት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ትክክለኛው ልኬት አዳራሹ መሃል የሚቆም ሣጥን አይደለም። ትንሽ ፓምፕ ቀበቶ ላይ ይታሰራል፤ ቱቦዋ በጀርባ ዞራ አንገትጌው ላይ ትቆነጠጣለች፤ ጫፏ ላይ ለብናኝ ማጣሪያ፣ ለትነት የከሰል ቱቦ ይገጠማል። ሰውየው ፈረቃውን ሙሉ ለብሶት ይሠራል፤ ናሙናው ላቦራቶሪ ይሄዳል። ሥራ በቀዘቀዘበት ቀን፣ በሩ ሁሉ ተከፍቶ የተወሰደ ልኬት አይቀበሉ። አንድ ናሙናም አይበቃም። በአውሮፓ ኢኤን 689 በተባለው መመዘኛ ሦስት ናሙና ብቻ ተወስዶ «ገደቡን ያከብራል» ለማለት ሦስቱም ከገደቡ 10 በመቶ በታች መሆን አለባቸው፤ አምስት ናሙና ካለ 20 በመቶ በታች። ከገደቡ ትንሽ ዝቅ ያለ አንድ ቁጥር ይዞ «አለፍን» ማለት አይቻልም።

ገደቡ ራሱም የደህንነት አጥር አይደለም። የአሜሪካው የሥራ ደህንነት ተቆጣጣሪ ኦሻ እ.ኤ.አ. በ1987 የቤንዜንን ገደብ ከ10 ወደ 1 ፒፒኤም አወረደ፤ አሁንም 1 ነው። እዚያው አገር ናዮሽ የተባለው የምርምር ተቋም የሚመክረው 0.1 ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከኤፕሪል 2026 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ 0.2 እንዲሆን ወስኗል። የሰው መቅኒ ከአገር አገር ስለሚለያይ አይደለም። ገደብ ሳይንስም ድርድርም ያለበት ነገር ነው፤ ዘረመልን ለሚጎዱ ኬሚካሎች ደግሞ «እስከዚህ ድረስ ምንም አያደርግም» የሚባል መስመር በአብዛኛው አይታወቅም። ስለዚህ ግባችሁ ከገደብ በታች መሆን ሳይሆን የተቻለውን ያህል ዝቅ ማድረግ ይሁን።

የሽንት ምርመራ ለአንዳንዶቹ በጣም ይጠቅማል። ለቤንዜን ኤስፒኤምኤ የተባለው ምልክት ከፈረቃ መጨረሻ በተወሰደ ሽንት ይለካል፤ ለክሮሚየም ደግሞ በሥራ ሳምንቱ መጨረሻ። ከዕረፍት በኋላ ሰኞ ጠዋት የተወሰደ ናሙና የቤንዜን ወሬ አይነግርዎትም፤ አብዛኛው ወጥቷል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ደግሞ ፋብሪካ ባይገባም ቁጥሩ ከፍ ይላል። ለእንጨት ብናኝና ለአስቤስቶስ እንዲህ ያለ የሽንት ምርመራ የለም።

ማስኩ ምን ዓይነት ነው? ሐኪሞች የሚያደርጉት ሰማያዊው ከሆነ ይርሱት። ኤን 95 የሚባለው ብናኝ አጣሪ ማስክ ለብናኝና ለጭስ ይረዳል፤ ለቲነር ትነት ግን ምንም አያደርግም፤ ትነቱ እንደ አየሩ ያልፈዋል። ለትነት ከሰል ያለበት ካርትሪጅ ያስፈልጋል፤ እሱም ይሞላል፤ በየጊዜው መቀየር አለበት። ጢም ካለ ፊት ላይ አይገጥምም። ሜቲሊን ክሎራይድ ደግሞ ካርትሪጁን ቶሎ ጥሶ ስለሚያልፍ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያመጣ መሣሪያ ነው የሚፈልገው። ማስክ ሌላው ሁሉ ከተሠራ በኋላ የሚመጣ የመጨረሻ መስመር ነው።

ምክሬ ይኸው ነው፤ አላለሳልሰውም። ልኬት እስኪመጣ አትጠብቁ። ልኬት የሚያስፈልገው ውሳኔው አጠራጣሪ ለሆነበት ቦታ ነው፤ እናንተ ጋ ብዙው አያጠራጥርም። በዚህ ሳምንት፦ በቲነር እጅ መታጠብ ይቁም። በኮምፕሬሰር ልብስና ወለል ማራገፍ ይቁም፤ በደረቁ መጥረግም፤ በቫኩም ወይም በርጥብ ይሁን። ሰነድ የሌለው ቲነርና ማስቲሽ ግምጃ ቤት እንዳይገባ። መርጫው ክዳን ባለው ዕቃ፣ መሳቢያ ሥር ይታጠብ። ቱታው ፋብሪካ ውስጥ ይታጠብ። በሚቀጥሉት ወራት ቀለም ክፍሉ ራሱን ችሎ ተከልሎ ከነመሳቢያው ይለይ። ለብየዳው ጭሱን ከምንጩ የሚስብ ክንድ፣ ለእንጨት ማሽኖቹ ከማሽኑ የሚስብ ቱቦ ይገጠም። ክሮሜት ያለበት አንቲረስት በሌለበት ይተካ። በጀት አንድ ነገር ብቻ የሚችል ከሆነ ቀለም ክፍሉን መለየት ይቅደም።

አሠሪው «ማስረጃ አምጡ» ካለ፣ ማስረጃ የማቅረብ ሸክሙ የእናንተ ብቻ አይደለም። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 139 ካንሰር አምጪዎችን በሌላ መተካት፣ የተጋለጡትን መመዝገብ፣ ለሠራተኛው መንገር፣ በሥራ ላይም ከሥራ በኋላም የጤና ምርመራ ማድረግ ይገባል ይላል። የሚያስገድደው ያጸደቁትን አገሮች ነው፤ ባላጸደቀ አገርም ቢሆን ለሥራ ተቆጣጣሪው አቤቱታ ስትጽፉ ጥሩ መሠረት ነው።

ረጅም ዓመት የሠሩት ሰዎች ጉዳይ የተለየ ነው። ከቤንዜን የሚመጣ የደም ካንሰር በጥቂት ዓመታት ሊታይ ይችላል። የሳንባውና የአፍንጫው ብዙ ጊዜ ሃያና ከዚያ በላይ ዓመት ይወስዳል፤ የአስቤስቶሱ ሜሶቴሊዮማ ሠላሳና አርባ። ስለዚህ ሥራ መቀየር ወይም ጡረታ መውጣት ነገሩን አይዘጋውም፤ ዛሬ መጋለጥን መቀነስ ግን ለእነሱም ዋጋ አለው። ፈርቶ በየዓመቱ ሲቲ ስካን መነሳት መፍትሔ አይደለም፤ ምርመራው ራሱ ጨረር አለበት፤ ለማን እንደሚጠቅም ሐኪም ይወስን። የሚያጨስ ካለ ያቁም፤ አስቤስቶስና ሲጋራ ሲገናኙ የሳንባ ካንሰር ሥጋቱ ከሁለቱ ድምር በላይ ይሄዳል። በአንድ በኩል ብቻ የማይለቅ የአፍንጫ መዘጋት ወይም መድማት፣ ደም የቀላቀለ ሽንት፣ የማይተው ሳል፣ ያለ ምክንያት የሚበልዝ ቆዳና የማይለቅ ድካም ካለ ሳይዘገዩ ይታዩ። ሐኪሙ ዘንድ ሲሄዱ «ፋብሪካ ነው የምሠራው» አይበሉ። ከደብተሩ ላይ የራሳቸውን መስመር ገልብጠው ይያዙ፦ ከመቼ እስከ መቼ፣ ምን ተግባር፣ ከየትኛው ኬሚካል ጋር። ደብተሩም አይጣል፤ በአውሮፓ ሕግ እንዲህ ያለ መዝገብ 40 ዓመት ይቀመጣል።

ለታመመው ባልደረባችሁ ደግሞ ዛሬውኑ አንድ ነገር ያድርጉ። ወሬው ስለተነሳ ግዢ ክፍሉ ቲነሩን በቅርቡ ሊቀይረው ይችላል። ከመቀየሩ በፊት፣ ኮሚቴውና አስተዳደሩ ባሉበት፣ አሁን ካለው በርሜል በመስታወት ጠርሙስ ናሙና ይቀዳ፤ አፉ ይታሸግ፤ የአምራቹ ስም፣ የምርት ቁጥሩና ቀኑ ይጻፍበት፤ ሁለቱም ወገን ይፈርሙበት። ቀዝቃዛ ቦታ፣ ከእሳት ርቆ ይቀመጥ። ጋዝ ክሮማቶግራፊ (የድብልቅን ንጥረ ነገሮች ለይቶ የሚለካ መሣሪያ) ያለው ማንኛውም ላቦራቶሪ ቤንዜን እንዳለበትና ስንት በመቶ እንደሆነ ሊነግራችሁ ይችላል። ለሐኪሙም፣ ካሳ ከተጠየቀም ለጠበቃው፣ መጀመሪያ የሚያስፈልጋቸው ይህ ቁጥር ነው።